በእጥፍ የተቆረጠ ጭፈራ

የእህቴ የልጅ ልጅ ሄለን ባለፈው ቅዳሜ ከዩኒቨርሲቲ ያመጣችውን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ስትዘረጋው የሲሚንቶ ከረጢት ሸተተኝ። ወረቀቱ ንጹሕ ነጭ ነው፤ ሽታው የመጣው ከላዩ ከተሣለው ነገር ነው። መሐሉን ከታች እስከ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይከፍለዋል፤ በመስመሩ ግራና ቀኝ ደግሞ አጭርና ረጅም፣ የጠቆረና የነጣ፣ ሣጥን የሚመስሉ ምልክቶች ተደርድረዋል። "ውዝዋዜ ነው፣ እቴቴ። ልክ እንደ ዜማ በወረቀት ይጻፋል። በዚህ በኩል ቀኝ እግር፣ በዚህ በኩል ግራ እግር፤ የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው" አለችኝ፣ ለአሮጊት በሚነገርበት ዝግ ያለ ድምፅ። እኔ ግን ዓይኔ ከመስመሩ ላይ አልነሣ አለኝ። ይህን ያወጡት ሰዎች ሁለቱንም ጎን ጽፈውታል። ምነው ያኔ ይህ ብልሃት ለእኔ መጥቶልኝ በነበር!

እናቴ፣ ሰፈሩ እትዬ አስካለ የሚላት፣ ከሶማሌ ተራ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ በሚቆምባት ሱቅ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበር። እኔም እኩዮቼ ፊደል ሲቆጥሩ ከስፌት መኪናዋ ሥር ቁጭ ብዬ ቁራጭ ጨርቅ ስለቅም ስላደግሁ፣ ትምህርት ቤት የገባሁት ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ እስኪል ዘግይቼ ነው። ከ"ሀ" በፊት ያነበብኩት የልብስ ልክ ነው። እናቴ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ታመጣና ዱቄቱን አራግፋ፣ እኛንም ራሷንም አስነጥሳ፣ የቀሚሱን ቅርጽ በጠመኔ ትሥልበታለች። ታዲያ የምትሥለው ግማሹን ብቻ ነው፤ ቀኝ ትከሻ፣ ቀኝ ብብት፣ የወገብ እኩሌታ። ጨርቁን ለሁለት አጥፋ ወረቀቱን ከእጥፉ ጋር ገጥማ በመቀስ ስትከተለው፣ ሲገለጥ ግራው ከቀኙ ጋር አብሮ ተቆርጦ ይገኛል። "ቀኙን አስተካክለሽ ከሣልሽ፣ ግራው ወዴት ይሄድብሻል?" ትለኝ ነበር። ይህን ቃሏን እንደ ጸሎት ያዝኩት፤ ጣጣውም የመጣው ከዚያው ነው።

ታላቅ እህቴ ጽጌ ለጉራጌ ቤተሰብ ልጅ ታጨች። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ሁለቱ እናቶች የተገናኙ ዕለት ነገሩ ሁሉ ያማረ ነበር፤ የሙሽራው እናት እትዬ ድንቅነሽ፣ መሳለሚያ ሆነው ሲስቁ ሲኒማ ራስ የሚሰሙት ሴት፣ በራችን ላይ ዞር ብለው "በሉ ለቅልቅሉ ጉልበታችሁን አበርቱ! የእናንተ ሰው ሲጨፍር ትከሻውን ብቻ ነው የሚሰብቀው፤ እግራችሁን ለማን አውሳችሁት ነው?" እስኪሉ ድረስ። ሁሉም ሳቀ፤ እናቴም ሳቀች። በሩ ሲዘጋ ግን ሳቋም አብሮ ተዘጋ። ሁለቱ ቤተሰብ ተቀላቅሎ በሚበላበትና በሚጨፍርበት ቀን፣ በገዛ ልጇ ቅልቅል፣ እግር የላትም ልትባል ነው! ከዚያች ዕለት ጀምሮ የቤታችን ጭንቀት የሙሽራዋ ቀሚስ መሆኑ ቀርቶ የእናቴ እግር ሆነ።

አስተማሪስ አልጠፋም ነበር። ከሱቃችን ፊት ለፊት ቁልፍና ዚፕ የሚሸጡት ጋሼ ከድር ገበያ የቀናቸው ዕለት ከባንኮኒያቸው ወጥተው የአገራቸውን የጉራጌ ጭፈራ ደጃፉ ላይ ያስነኩት ነበር፤ እግራቸው መሬት መንካቱ የሚታወቀው አቧራው ሲነሣ ብቻ ነው። እናቴ ግን እሳቸውን ከምትጠይቅ መርፌ ብትውጥ ይሻላታል። "ዛሬ ለሱ የነገርኩት ነገ ድንቅነሽ ጆሮ ይገባል" አለችና ወደ እኔ ዞረች፦ "አንቺ ዓይንሽ ክር ያስገባል። እይና ጻፊልኝ።"

ፊደል ለማታውቅ ልጅ ጻፊልኝ! እኔም በማውቀው ጻፍኩ። በሲሚንቶ ወረቀት ላይ የጫማ ሶል ሣልኩ፤ እግር ሲነሣ በስፌት ነጠብጣብ፣ ሲያርፍ በወፍራም መስመር አደረግሁት፤ ጭብጨባ ሲመጣ ቁልፍ ሣልኩ። ጋሼ ከድር ከጉልበታቸው በታች ማፍጠጤን አይተው "ምነው ልጄ፣ ጫማዬ ተቀደደ እንዴ?" እስኪሉኝ ድረስ አንዲት እርምጃ አልዘለልኩም። የሣልኩት ግን፣ እንደ ደንቡ፣ ቀኝ እግራቸውን ብቻ ነው። ግራው ወዴት ይሄድብኛል?

እናቴ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ በስፒል ሰክታ፣ "ሰው እያየኝ አይሆንልኝም" ብላ እኔንም አስወጥታ፣ በር ዘግታ ተለማመደች። ከውጭ የሚሰማው የወለሉ ጣውላ ድምፅና ከጠረጴዛ እየዘለለ የሚወድቅ መቀስ ብቻ ነበር። እንዲያ ያንጓጓው ምን እንደሆነ መጠርጠር ነበረብኝ።

የቅልቅሉ ዕለት ዘፋኙ ወደ ጉራጊኛው ሲገባ፣ እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ብድግ አለች። ሜትሯን አንገቷ ላይ ረስታዋለች። መሐል ገባች፣ ግድግዳው ላይ ወረቀት ያለ ይመስል ፊት ለፊቷን አንዴ አየችና ሁለት እግሯን በአንድ ጊዜ አንሥታ ዘለለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ግማሽ ሥዕል ስታይ በእጥፍ ነው የምታነበው፤ ቀኝ ሲነሣ ግራውም አብሮ ይነሣል፣ ቀኝ ሲያርፍ ግራውም አብሮ ያርፋል። ገመድ እንደምትዘል ልጅ፣ ፊቷን እንደ ዳኛ አኮሳትራ፣ ጭብጨባዋን ቁልፎቹ ቦታ ላይ አንድም ሳታዛንፍ እያሳረፈች ነጠረች። ከበሮ መቺው እጁን አየር ላይ አስቀረ። እኔ ከጠረጴዛው ልብስ ሥር ለመግባት ቦታ እፈልግ ነበር።

ያን ጊዜ እትዬ ድንቅነሽ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ብድግ አሉ። "ኧረ እናንተ! ይሄማ የድሮው ነው! አያቴ እንዲህ ነበር የምትረግጠው!" አያታቸው እውነት እንዲያ ይረግጡ እንደሆነ፣ ወይስ የቀለዱባትን ሴት በልጇ ድግስ ላለማሳፈር ያኔውኑ የፈጠሩት አያት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ብቻ ያን ግዙፍ ሰውነታቸውን ይዘው ከእናቴ ጎን እኩል ዘለሉ፤ ከኋላቸው ዘመዶቻቸው፣ ከዘመዶቻቸው ኋላ የእኛ ሰዎች፤ የለስላሳው ጠርሙስ ሁሉ ከጠረጴዛ እየዘለለ ወረደ። ሜትሩን የአገራችን ጌጥ መስሏቸው የት እንደሚገዛ የጠየቁም ነበሩ።

ሲመሽ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ፣ እግሩ በተራ በተራ እንደሆነ ነገርኳት። ጫማዋን እያወለቀች ቀና ብላ አየችኝና "ደግ አደረግሁ! ባንዴ የሚያልቀውን ማን ሁለቴ ይቆርጣል?" አለችኝ።

ሄለንን ወደ እኔ ያመጣትም ይኸው ነገር ነው። በቤተሰባችን ሠርግ ሁሉ በሁለት እግር ይዘለላል፤ መምህሯ ደግሞ ከየትኛው አካባቢ እንደመጣ አላውቅም ብሏታል፤ እሷም ለመመረቂያዋ ልትጽፈው ነው። "ታዲያ ከየት ነው ልበል?" አለችኝ። መርካቶ፣ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ሱቅ በይ አልኳት። ሱቋ ዛሬ የለችም፤ ቦታው ላይ ባለ መስተዋት ፎቅ ቆሟል። እናቴም ጋሼ ከድርም እትዬ ድንቅነሽም የሉም። ሜትሩ እኔ ጋ አለ፤ ቁጥሩ ጠፍቷል። አንገት ላይ ለሚወዛወዝ ሜትር ምልክት አላችሁ ወይ ብላት፣ የለንም አለች።

"በይ ዝለይልኝና ልጻፈው" አለችኝ። ወለሉ ላይ የተከመሩትን መጻሕፍቴን ገፋ አድርጌ ተነሣሁ፣ መነጽሬን አወለቅሁ፣ ዘለልኩ። ሄለን እርሳሷን ይዛ መስመሩ ላይ አጎነበሰች፤ ቀኙን ጻፈች፣ ከፍ ብላ ግራውን ጻፈች።

"አብረው ነው የሚነሡት" አልኳት።

"አብረው አልተነሡም እኮ፣ እቴቴ። ቀኙ ቀደመ፤ ግራው ኋላ መጣ።"

ጉልበቴ ነው። ጋሼ ከድር በተራ በተራ የረገጡትን፣ ይኸው በስተርጅና አገኘሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሰው ጽሑፍ ያረምኩ፣ ያላየኸውን አትጻፍ እያልኩ ስንቱን ያስመረርኩ ሴት፣ ላጲሱን አንሥቼ ሰጠኋት።

"ያየሽውን ተይው፤ አብረው ነው የተነሡት። ጻፊ።"