ማንም የሚሠራት አጥር

ብረት በያጁን ሰፈሩ «ደወሉ» ይለዋል። ሰፈሩ አይፈረድበትም! ሌባ ሲነካት የምትጮኽ አጥር ልሞክር እያለ ጎረቤቱን ሁሉ እንቅልፍ ነስቶ ነው የኖረው። ድሮ የአጥር ደወል ሌባ ሽቦውን ሲቆርጠው ጸጥ ይል ነበር። የእሱ አጥር ግን ሽቦዋን በብረት ቱቦው ውስጥ ደብቃ ይዛለች፤ ሽቦው ሲቆረጥ ወይም ቱቦው ሲጣመም ያኔ ነው የምትጮኸው። ታዲያ ነፋስ በነካት፣ ድመት በዘለለባት ቁጥር እንዳትጮኽ ሲታገል ወገቡ አለቀ።

በመጨረሻ የፈጠራ መብት ተሰጠው። ብዙም ሳይቆይ አንድ ትልቅ ድርጅት ያችኑ አጥር እየሠራ መሸጥ ጀመረ። ተው ቢባል ጭራሽ «ይህማ ፈጠራ አይደለም፤ ሙያውን የሚያውቅ ማንም ሰው በቀላሉ ይደርስበታል፤ መብቱ ይሰረዝ» ብሎ ለፍርድ ቤት አመለከተ። ዓይን አውጣ!

ክርክሩ በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ እየተጨመረበት ተጓተተ። ደወሉ ያችኑ ኮት እየለበሰ፣ ከሚስቱ ጋር ያንኑ አግዳሚ ወንበር ሲያሞቅ ከረመ። ሰለቸው፤ ደከመው።

በመጨረሻው ቀን ደወሉ ዳኛው ፊት ቃሉን ሊሰጥ ሲቆም የድርጅቱ ጠበቃ ለስለስ ብሎ ቀረበው።

«አባቴ፣ አጥርዎን አየኋት። እጅዎ ይባረክ! እንዴት ያለች ድንቅ ሥራ ናት!»

ደወሉ ደግሞ ሲያመሰግኑት መግቢያ የሚጠፋው ሰው ነው። ሥራውን ካላናናቀ የኮራ ይመስለዋል።

«ኧረ ተወኝ ልጄ፣ ምን አላት ብለህ ነው!» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እንዲያው ነካካኋት እንጂ፣ ማንም ቢሆን የሚሠራት ነገር ናት።»

ሚስቱ «ወይ ጉዴ!» ብላ አፏን ያዘች። ጠበቃው «ይመዝገብልኝ» አለ። የደወሉ ጠበቃ ብድግ ብሎ «ክቡር ዳኛ፣ ይሉኝታ ይዞት ነው እኮ!» ቢል ማን ሰምቶት። መብቱ ተሰረዘ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ደጃቸው ላይ ጎረቤታቸው ባለሱቋ እየሳቀች ጠበቀቻቸው።

«ጋሼ ደወሉ፣ አጥርዎ ትናንት ሌባ አስያዘችልኝ! ምን ዓይነት ሥራ ነው የሠሩልኝ!»

እንደ ልማዱ «ኧረ ምን አላት» ሊል አፉን ከፈተ። ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። አልተቆጣችም፤ ለቁጣም አቅም አልነበራትም።

«እዚህ እንኳ እውነቱን ተናገር» አለችው።

በሩን ተደግፎ ቆመ።

«ለፍቼባታለሁ» አለ። «ማንም አይሠራትም ነበር። እኔ ነኝ የሠራኋት።»

ባለሱቋ ግራ ገባት።

«እሱንማ ማን ያጣዋል ጋሼ? ሰፈሩ ሁሉ እንቅልፍ አጥቶባት የለ እንዴ!»