ስለት ያለው ዶሮ

በልጅነቴ ብዙ ዋሽቻለሁ። የቤት ሥራ የለንም ብያለሁ፣ ሳልታጠብ ታጥቤያለሁ ብያለሁ፣ የሰበርኩትን ብርጭቆ በድመት አሳብቤያለሁ። እነዚህ ሁሉ ግን ተራ ውሸቶች ናቸው። ትልቁን ውሸቴን የዋሸሁት አሥር ዓመት ሲሆነኝ፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ያውም በመድኃኔዓለም ስም ነው። ምክንያቱ ደግሞ አንድ አውራ ዶሮ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ነው። ያኔ ከቦሌ መድኃኔዓለም ራቅ ብሎ ያለው ሰፈራችን እንዳሁኑ ፎቅ በፎቅ አልነበረም። ግቢያችን ሰፊ፣ አጥራችን ቆርቆሮ፣ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ሣር የሚታጨድበት ሜዳ ነበር። አንድ ሰውዬ ጫጩት በካርቶን ይዞ መጥቶ በራችንን አንኳኳ። እናቴ ካርቶኑን ከፍታ አጎንብሳ አየችና፣ «ሴቶች ናቸው?» አለችው።

«እመቤቴ፣ ሁሉም ሴቶች! አንድ ወንድ ቢገኝባቸው ይህን ጢሜን ይላጩኝ!»

ጢም አልነበረውም። እኔ አይቻለሁ። እናቴ ግን የምታስበው ስለ እንቁላል ብቻ ስለነበር ልብ አላለችም። ስድስት ገዛችና ወጥ ቤት ጥግ አስቀምጣ፣ እንዲሞቃቸው ካርቶኑ ላይ አምፖል አንጠለጠለችላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ስም እንዳታወጪላቸው። ስም ካወጣሽላቸው የሚታረዱ ዕለት ታለቅሺብኛለሽ። ሰምተሻል?»

ሰምቻለሁ። አንድም ስም አላወጣሁላቸውም። ሥራ ነው የሰጠኋቸው።

የመጀመሪያዋ ቀበሌ ሆነች። ፉሩሽካው በቀረበ ቁጥር ሳህኑ ጠርዝ ላይ ቆማ፣ መታወቂያ የምትጠይቅ ይመስል፣ የመጣችውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ታያለች። ያላማረቻትን አናቷን ነክታ «ነገ ነይ» ብላ ትመልሳታለች። ሁለተኛዋ ዘበኛ ናት፤ ሥራዋ መተኛት ነበር። የጎረቤት ድመት መጥታ ግቢው ሁሉ ሲተራመስ መጨረሻ ላይ የምትነቃው እሷ ነበረች። ሦስተኛዋ ነርስ፤ ምንም ሳታስጠነቅቅ የሰው ቁርጭምጭሚት ትወጋለች። አራተኛዋን ቱሪስት አልኳት። በአጥሩ ሥር ሾልካ ጎረቤታችን ያሉት የወሎዋ እትዬ ሱቅ ትገባና፣ መደርደሪያውን አንድ በአንድ ጎብኝታ፣ ምንም ሳትገዛ ትመለሳለች። አንዷ ምስኪን ደግሞ ሥራ ሳትይዝ በሳምንቷ ሞተች። ከቧንቧው አጠገብ ቀብሬያት ስነፋረቅ እናቴ፣ «እንኳን ስም አላወጣሽላት» አለች።

የቀረው ወያላው ነው።

አባቴ የቦሌ ፒያሳ ታክሲ ሹፌር ስለነበር ወያላ ምን እንደሚመስል ጠንቅቄ አውቃለሁ። ይሄኛው ከሁሉም ቀድሞ ካርቶኑ አፍ ላይ ይወጣና ይጮኻል። ሌሎቹን በደረቱ እየገፋ አምፖሉ ሥር ይጠቀጥቃቸዋል፤ ለሦስት በሚበቃ ቦታ አራት ያስገባል። ሁሉንም ካሳፈረ በኋላ እሱ ራሱ ቦታ አጥቶ ጥግ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ጫጩቶቹ በብርድ ሲንቀጠቀጡ፣ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልተን በአባቴ ካልሲ ጠቅልለን አስገባንላቸው። ያን ቀን እንኳ አራቱም ጠርሙሱን እስኪያቅፉ ጠብቆ ነው የተጠጋው። ከዚያ ወዲህ ነፍሴን ሰጠሁት። እናቴ አሁንም ሴት ናት ብላ ታምናለች። እኔ ግን ሴት ወያላ አይቼ ስለማላውቅ ከመጀመሪያውም ጠርጥሬ ነበር።

ሐምሌ ላይ ጉዱ ወጣ። ዝናቡ ባባራበት አንድ ጠዋት ወያላው የእንጨት ክምሩ ላይ ወጣ፣ ክንፉን አራገፈ፣ አንገቱን አሰገገና «ኩኩሉ» ሊል ሞከረ። የወጣው የዛገ በር ሲከፈት የሚሰማው ድምፅ ነው፤ ቢሆንም የወንድ ድምፅ ነው። እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ጆሮዋን ማመን አቃታት።

«ያ ሌባ! ወይኔ፣ ለካ ጢምም የለውም!» አለች።

ከዚያ ትክ ብላ አየችው። ቀይ ነው፤ ደረቱ ሞልቷል፤ ጭኑ ይታያል። አስተያየቷ አላማረኝም።

«ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል» አለችና ተመልሳ ገባች።

ነሐሴን ሙሉ እሱን ለማክሳት ስለፋ ከረምኩ። በየቀኑ ከክረምት ዕረፍቴ ላይ ቀንሼ ግቢውን በሩጫ አዞረው ነበር። እሱ ግን ሩጫው የምግብ ፍላጎቱን ከፈተለትና የቀበሌዋንም የዘበኛዋንም ድርሻ እየበላ እንደ በግ ሰባ። የከሳሁት እኔ ነኝ።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ወያላው በአንድ እግሩ ከቧንቧው ጋር ታስሯል። እናቴ ወጥ ቤት ደጃፍ ላይ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ ተራራ የሚያህል ሽንኩርት ፊቷ ከምራ ትከትፋለች። አባቴ ድንጋይ ላይ ቢላ ይስላል። እኔ መሃላቸው ቆሜ አንዴ ቢላውን፣ አንዴ ወያላውን አያለሁ። አባቴ ቢላውን በአውራ ጣቱ ዳበስ አደረገና ተበሳጨ።

«ምን ዓይነት ነገር ነው! ስለት የሚባል የለውም እኮ!»

ስለት! ቃሏን ሰማሁና አንጎሌ ውስጥ መብራት በራ።

«አለው!» ብዬ ጮህኩ። «ስለት አለው!»

«ኧረ የለውም፤ ይኸው ቅጠል አይቆርጥም» አለ አባቴ።

«ቢላው አይደለም፤ ዶሮው! ዶሮው ስለት አለው! ለመድኃኔዓለም ተስዬዋለሁ!»

የእናቴ እጅ ሽንኩርቱ ላይ ቆመ።

«ምን ብለሽ ነው የተሳልሽው?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ዓይኔ ተቅበዘበዘና ሻሿ ላይ አረፈ። እናቴ ራስ ምታት ነበረባት። ሲነሳባት ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ፣ መጋረጃ ዘግታ ትተኛለች፤ እኛም በእግራችን ጫፍ እንሄዳለን።

«ለራስሽ» አልኳት። «ራስ ምታትሽ እንዲተውሽ።»

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። እንባዋ በሁለቱም ጉንጮቿ ወረደ። «ነይ እስቲ» ብላ በክንዷ አቅፋ ግንባሬን ሳመችኝና ወያላውን ራሷ ፈታችው። አባቴ ብቻ ቢላውን እንደያዘ፣ «እና እኔ ምን ልረድ? ራሴን?» ብሎ ሲነጫነጭ ቆየና ወደ ሾላ ገበያ ሄደ። ሰው ንቆት የቀረ አንድ የከሳ ዶሮ ይዞ ተመለሰ። በማግስቱ የበላነው ወጥ ከአጥንት በቀር ምንም አልነበረውም፤ እኔ ግን ጣቴን ነው የላስኩት።

እንዲህ ደስ እንዳለኝ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ከዕለታት አንድ ቀን እናቴ ቁርስ ላይ እጇን አናቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ «ጉድ እኮ ነው! ራሴ ለቀቀኝ!» አለች።

«እሰይ!» አልኩ።

«ስለትሽ ሰምሯል ማለት ነው። እንግዲህ ጥቅምት ሃያ ሰባት ይገባል።»

«ምኑ?»

«ዶሮው ነዋ! ለመድኃኔዓለም አይደል የተሳልሽው? ስትሳይ ወስዶ ማስገባቱ የሚቀር መሰለሽ?»

አዎ፣ መስሎኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የሚገባ የስለት ዶሮ ምን እንደሚሆን ግን አውቃለሁ። በዓሉ ዕለት በጨረታ ይሸጣል። የሚገዛው ሰው በረከት ነው ብሎ ቤቱ ወስዶ ድስት ውስጥ ይከተዋል። ወያላውን ከእናቴ ድስት አውጥቼ የማላውቀው ሰው ድስት ውስጥ ልከተው ነው።

እውነቱን ልናገር አሰብኩ። ግን እውነቱን ከተናገርኩ ዶሮው ስለት የለውም፤ ዶሮው ስለት ከሌለው ደግሞ የአባቴ ቢላ ስለት አለው። ከሁሉ የከፋው፣ እናቴ ውሸት መሆኑን ስትሰማ ራስ ምታቷ ቢመለስባትስ? መዳኗን በእጄ የያዝኩት መሰለኝ።

ስለዚህ ሦስተኛ መንገድ ፈለግሁ። ራስ ምታቷ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ቢመለስ ስለቱ አልሰመረም ማለት ነው! አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ሥራዬ ብዬ ተያያዝኩት። ድስት ክዳን ጣልኩ። የማባዣ ሠንጠረዥ እየጮህኩ አጠናሁ። ወያላውን እናቴ ጋደም ካለችበት መስኮት ሥር ወስጄ በፉሩሽካ አታለልኩትና ያን የዛገ በር ድምፁን አስለቀቅኩት። እናቴ መስኮቱን ከፍታ፣ «ጩህ፣ ጩህ የኔ መድኃኒት! ድምፅህ ራሱ ፈውስ ነው!» አለችው።

ጨነቀኝ። ቱሪስቷን ተከትዬ የወሎዋ እትዬ ሱቅ ገባሁ። ስኳር እየመዘኑ ነበር።

«እትዬ፣ ሰው ተስሎ ስለቱን ባይሰጥ ምን ይሆናል?»

«ወላሂ ልጄ፣ በናንተም በኛም በስለት አይቀለድም» አሉ። «የለመንሽው ሆነልሽ አይደል? እንግዲህማ ስጪ።» ከዚያ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዞሩ። አዝነውልኝ መስሎኝ ነበር።

ጥቅምት ሃያ ሰባት ደረሰ። መንገዱ በሰው ስለተሞላ አባቴ ታክሲውን ራቅ አድርጎ አቁሞ ቀረ። እኔ ወያላውን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ልቡ ደረቴ ላይ እየመታ፣ ከእናቴ ኋላ ገባሁ። ታቦቱ ከገባ በኋላ ጨረታ የሚያጫርቱት ሰውዬ ማይክራፎን ይዘው ተነሡ። ጃንጥላ ተሸጠ፣ ምንጣፍ ተሸጠ፣ ከዚያ ወያላውን ከእጄ ተቀብለው ከፍ አደረጉት።

«የሕፃን ልጅ ስለት ነው! የእናቷ ራስ ድኖላት ነው! በረከት የሚፈልግ!»

ወያላው ማይክራፎኑን ሲያይ አንገቱን አስግጎ ሙሉ ኩኩሉውን ለቀቀው። በስምንት ወሩ ለመጀመሪያ ጊዜ አሳምሮ ጮኸ። ግቢው በሳቅ ሞላ። ከፊት የቆሙ አንድ ሆዳቸው ገፋ ያለ ሰውዬ፣ «ይሄማ ወጡም ይጮኻል!» ብለው ዋጋ ጠሩ። እኔ እዚያው ቆሜ ማልቀስ ጀመርኩ።

ከጎኔ እጅ ወጣ። የእናቴ እጅ ነው። ሰውዬው ጨመሩ፤ እናቴ ጨመረች። ደግሞ ጨመሩ፤ ደግሞ ጨመረች። አንድ ሰው፣ «ኧረ እናቲቱ ናቸው!» ሲል ሰውዬው ዞር ብለው አዩንና ሳቁ። «በሉ ይውሰዱት፣ በረከቱ የእርስዎ ነው» አሉ። እናቴ የመቀነቷን ጫፍ ፈታች። እዚያ የቋጠረችው ለራሷ ጫማ እንደነበር አውቃለሁ።

ከበሩ እንደወጣን መያዝ አቃተኝ።

«እማዬ፣ ውሸቴን ነው። አልተሳልኩም ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች፤ እርምጃዋን እንኳ አልቀነሰችም።

«መቼ አወቅሽ?»

«ያኔውኑ።»

«ራስሽን አሞሽ ሻሽ አስረሽ ነበር እኮ!»

«ለበዓል ቅቤ ተቀብቼ ነበር፣ አንቺ!»

«አልቅሰሽም ነበር!»

«ሽንኩርት እየከተፍኩ!» ብላ መሳቅ ጀመረች። ለካ አባቴም ያውቃል፤ የወሎዋ እትዬም ያውቃሉ፤ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ያደረጉት ሳቃቸውን ለመደበቅ ኖሯል። ከወር በላይ ድስት ክዳን ስጥል ሰፈሩ ሁሉ ሲስቅብኝ ከርሟል። በገንኩ።

«ታዲያ ለምን አመጣሽኝ?»

«የመድኃኔዓለምን ስም ጠራሽ፤ ያልሽውን መስጠት ነበረብሽ። ሰጠሽ።»

«አንቺስ ለምን ገዛሽው?»

ወያላውን ከእጄ ወሰደችና ብብቷ ሥር አደረገችው።

«ብስክሌት ግዙልኝ ብለሽ ስትነዘንዢን ከረምሽ። ሒሳብ አልገባ ብሎሽ ነበር። ምን ብለሽ ተሳልሽ ስልሽ ያን ሁሉ ትተሽ ካፍሽ የወጣው የኔ ራስ ነው» አለች። ትንሽ ሄድ ካልን በኋላ ደግሞ፣ እኔን ሳታየኝ፣ «ሽንኩርቱም ያን ያህል ኃይለኛ አልነበረም» አለች።

ነጠላዋን ይዤ ተከተልኳት። ታክሲው ውስጥ ገብተን በሩ እንደተዘጋ ወያላው ከብብቷ ሥር አንገቱን አውጥቶ ጮኸ። ምን ብዬ እንደምጠራው ለእናቴ አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም። እሷ ግን የአባቴን ትከሻ መታ መታ አድርጋ፣

«ሰማህ? ወያላህ ሞልቷል እያለህ ነው፤ ሳበው!» አለችው።