ወንዝ ሳይጎድል፣ በወጨጫ በኩል

ዘመኑ ሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ። ነሐሴ ሊወጣ ነው፣ ዝናቡ ግን ገና አልጠገበም።

ይህን የምጽፈው ቅዳሜና እሁድ ቦርሳ አዝላችሁ ተራራ ለምትወጡ ልጆች ነው። ክረምት መውጫ ላይ ወጨጫ ምን እንደሚመስል ጠይቃችሁኝ ነበር። እኔ የማውቀው በእግሬ የሄድኩትን ነው፤ እሱኑ እነግራችኋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ስለሆነ ቢጣመምባችሁ ታገሡኝ።

ሰበታ፣ ንጋት

ታላቅ እህቴ እትዬ ባዩሽ ሱሉልታ ናት። እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አንድ የወተት መኪና ሾፌር፣ «እህትህ አልጋ ላይ ወድቃለች፣ ስምህን ትጠራለች» ብሎኝ አለፈ። በማግስቱ መንገዱ ተዘጋ። ስልኩ አይሠራም። አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ ወራት አልፈዋል፣ ሰው ግን አላመነም። አስፋልቱ ላይ ድንጋይና የተቃጠለ ጎማ።

የእኛ አገር ሰው በክረምት ወንዝ ተሻግሮ ዘመድ አይጠይቅም። መስከረም ጠብቶ ወንዙ ሲጎድል፣ እርጥብ ሣር ይዞ ፈጣሪውን ያመሰግናል፤ መጠያየቅ ያኔ ነው። ይህን አውቃለሁ። ግን እትዬ ባዩሽ መስከረምን ትድረስ አትድረስ ማን ያውቃል? ቆሎዬን ቋጠርኩ፣ ዱላዬን ያዝኩ፣ ወጣሁ።

አንድ ባጃጅ ቆመልኝ።

«አባባ፣ ወደ ዓለም ገና ነው?»

«ሱሉልታ።»

ልጁ ሳቀ። «በባጃጅ?»

«በእግሬ። አንተ እስከ ተራራው ግርጌ አድርሰኝ።»

«በዚህ ጭቃ? ደግሞ ጊዜው...»

«ጊዜውንማ አንተ ሳትወለድም አውቀዋለሁ። ንዳው!»

ነዳው። ሰማዩ ጥርት ብሏል። በዚህ አትታለሉ። የነሐሴ ማለዳ እንዲህ እያባበለ ነው የሚያወጣችሁ። ወደ ተራራው ጫፍ እዩ፤ አንዲት እፍኝ ጥጥ የምታህል ደመና ካለች ነገሩን የምትናገረው እሷ ናት። ፀሐይ ሞቅ ሲያደርግ እርጥቡ መሬት ይተነፍሳል፣ ትንፋሹ ሽቅብ ይወጣል፣ ከቀትር በፊት ጉም ሆኖ ይመለስባችኋል። ስለዚህ ከወፍ ጋር ተነሡ። ቀትር ሳይሆን ትከሻውን አልፋችሁ ቁልቁል መሆን አለባችሁ።

ወጨጫ፣ ረፋድ

የጽድ ጫካው ውስጥ ዝናብ ባይኖርም ዛፉ ያንጠባጥባል። ድንጋዩ ሽበት የሚመስል ሻጋታ አውጥቷል፤ ሽበት ያለውን ድንጋይ አትርገጡ፣ ያንሸራትታል። ከጫካው በላይ ሜዳው አረንጓዴ ነው። ሣር ትሉታላችሁ፣ ሥሩ ግን ውሃ ነው፤ በሬ ይውጣል። እዚህ ላይ ዱላ እየተከሉ ነው የሚሄዱት። ዱላዬን እተክላለሁ፣ ቀና ብዬ ወደፊት አያለሁ፣ እራመዳለሁ። ደግሞ እተክላለሁ።

ጉሙ ሳላስበው ከሥር መጣ። የዱላዬ ጫፍ ጠፋኝ። ጉም ሲመጣ ያላችሁበት ቁሙ፤ ይሄዳል። እኔ ግን አልቆምኩም። እሷ ስሜን እየጠራች እንዴት ልቁም?

ትንሽ ገለጥ ሲል ማዶ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ዱላ ይዘዋል፣ ድንጋይ ይዘዋል።

«ማል ሰፈርታ?» ብሎ ጮኸ አንዱ። ምን ትለካለህ ማለቱ ነው።

«እግሬን ነው የምለካው!» አልኩት በዚያው በኦሮምኛ።

ቀልድ የሚሰማበት ቀን አልነበረም። ድንጋዩን እንዳነሣ ወደ እኔ ሮጠ፤ ሮጦም አልደረሰ፣ ያ አረንጓዴ መሬት እስከ ጭኑ ዋጠው። ሌሎቹ ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ዱላዬን ዘረጋሁለት።

«ያዝ!»

«ቀያሽ አይደለህም?»

«ቀያሽ ብሆን ለምን አወጣሃለሁ? ያዝ እንጂ!»

ያዘ። ጓደኞቹም ዞረው መጡና ጎትተን አወጣነው፤ አንድ ቦቲ ጫማው እዚያው ቀረ። ጺሜን ቀርቦ ሲያይ ደነገጠ።

«ውይ! አንቱ ሽማግሌ ነዎት እንዴ! ይቅር ይበሉኝ። ከሩቅ ሲያዩዎት እኮ ቁርጥ ቀያሽ። ይተክላሉ፣ ያያሉ፣ ይራመዳሉ። የጤፍ ማሳዬን ችካል የሞላው ሰውዬ እንዲሁ ነው ያደረገው።»

«እኔ የምሄደው ወደ እህቴ ነው» አልኩት። «ሳልደርስ ከሞተች እኔን ለመግደል ያንተ ድንጋይ አያስፈልግም።»

ስሙ ኦቦ ቱፋ ነው። ቡራዩ ዳር ቤት አለው። ይዞኝ ወረደ፣ አንድ እግሩ ባዶውን።

ቡራዩ፣ ከሰዓት በኋላ

ቀድሞ እርሻ የነበረው ላይ የኪራይ ቤት በቅሏል፤ ቆርቆሮው አዲስ፣ በሩ ዝግ። ሱቁ ዝግ። መንገዱ ጭር ብሏል። የኦቦ ቱፋ ሚስት የተቀቀለ ድንችና እርጎ አቀረበችልኝ። ዝናቡ ዶፍ ነው፤ ዛሬ ከዚህ ወዲያ መሄድ የለም። ዱላዬን በሩ ሥር አስደግፌ ተቀመጥኩ።

ግድግዳው ላይ የወንድ ልጅ የዝናብ ልብስ ተሰቅሏል። ዓይኔን ተከትሎ አየና፣ «የልጃችን ነው» አለ ኦቦ ቱፋ። «ሐምሌ ላይ ወጣ። አልተመለሰም። የት እንዳለ የሚነግረን አላገኘንም።»

ሰማዩ ጮኸ። ሴትዮዋ ብድግ አለች።

«ነጎድጓድ ነው» አላት ባሏ። «ስሚው፣ ይንከባለላል። ተኩስ አይንከባለልም።»

እውነቱን ነው። ድምፁ ተራራውን ይዞ ተንከባለለ፣ ሄደ። «ተመስገን» አለችና ተቀመጠች። ጥቂት ቆይቶ ሌላ መጣ። እሱ አልተንከባለለም። ኦቦ ቱፋ ድንቹን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

ከገፈርሳ ወደ ሱሉልታ፣ ሁለተኛው ቀን

ኦቦ ቱፋ እስከ ገፈርሳ ውሃ ሸኘኝ። ልንለያይ ስንል የዝናብ ልብሱን ትከሻዬ ላይ ጣለው።

«የልጁን? አይሆንም!»

«እሱ ሲመጣ ይመልሱለታል።»

ለበስኩት።

ሸንተረሩ ላይ በረዶ ያዘኝ። ሽንብራ የሚያህል ነው፣ ጆሮ ይቆርጣል። መብረቅ ሲጀምር ከሸንተረሩ ውረዱ፤ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ዝቅ ብላችሁ ቁጢጥ በሉ። እኔም ቁጢጥ ብዬ፣ «እትዬ ባዩሽ፣ ጠብቂኝ» እያልኩ አሳለፍኩት።

ከዚያ ጅረቱ። ውሃ ከደፈረሰ ላይኛው አገር ዘንቧል ማለት ነው፤ አትግቡ። ደራሽ ውሃ ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎም ይጎድላል። ግትር ነኝ፣ ሁሉም ያውቃል፤ ውሃን ግን አልገዳደርም። ዳር ላይ ቆሜ ድንጋዩ ብቅ እስኪል ጠበቅኩ። ከጠቅላላው መንገድ የከበደኝ ያ መቆም ነው።

ሱሉልታ፣ ማምሻ

ሜዳው ሐይቅ ሆኗል። ላሞቹ ውሃ ውስጥ ቆመው ይግጣሉ። የእህቴ ልጅ አልማዝ በር ላይ አገኘችኝ። ፊቷን አየሁ፤ ለቅሶ የለበትም።

እትዬ ባዩሽ አልጋ ላይ ናት። ከስታለች፤ ብርድ ልብሱ ሥር ሰው ያለ አይመስልም። ዓይኗ ግን ያው ነው።

«አንተ ደረቅ! ወንዝ ሳይጎድል መጣህ?»

«አልጎድል አለኛ።»

ሳቀች፣ ሳቋ ወደ ሳል ሄደ። እጄን ይዛ ቆየች። ከዚያ፣ «ፀሐይ ናፈቀኝ» አለችኝ። «ሐምሌ ከገባ ጀምሮ ይችን ግድግዳ ነው የማየው።»

አልማዝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «አጎቴ፣ ብርዱ ይገድላቸዋል። ደግሞ በየቀኑ ይዘንባል።»

«ጠዋት ጠዋት አይዘንብም» አልኳት።

በማግስቱ ሊነጋ ሲል ወጥቼ ሰማዩን አየሁ። ጥርት ብሏል። ገብቼ እህቴን በጋቢ ጠቅልዬ አዘልኳት። አልከበደችኝም፤ አለመክበዷ ነው የከበደኝ። የኦቦ ቱፋን ልጅ የዝናብ ልብስ እርጥቡ ድንጋይ ላይ አንጥፌ፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥቼ አስቀመጥኳት። ፀሐይ ወጣች። ሜዳው ላይ ያለው ውሃ ሁሉ አበራ። ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ወደ ላይ አቀናች።

«ደመናው መጣ?» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

በእንጦጦ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

«ገና ነው» አልኳት፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ዞሬ ቆምኩላት።