አባቴ «ሦስት» ያሉ ዕለት

አባቴ ከዳባት በላይ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ቄስ ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው መቅደስ መግባቱን የተዉት በራሳቸው ፈቃድ ነው። «ጽዋውን አዘንብዬ ቅዱስ ደሙን ባፈስስ ምን ይውጠኛል?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሴውን ከምእመናኑ ጋር ቆመው ያስቀድሳሉ። ምኞታቸው አንዲት ብቻ ነበረች፤ ሳይሞቱ ተመልሰው መቀደስ። ግራ ዓይናቸው በልጅነታቸው በእሾህ የጠፋ ስለሆነ፣ ያለ የሌለ ተስፋቸው ቀኙ ላይ ነበር።

ጎንደር ውስጥ ሞራ በነጻ የሚገፍፉ ሐኪሞች መጥተዋል ሲባል፣ እኔ ከምኖርበት ከአዘዞ ወጥቼ አመጣኋቸው። የሆስፒታሉ ግቢ ጋቢ በለበሰ ሰው ተሞልቷል። ነርሷ ከሚሠራው ዓይን በላይ፣ ግንባራቸው ላይ ፕላስተር ለጠፈችባቸው። አባቴ በእጃቸው ዳበስ አደረጉና «ለፋሲካ የተመረጠ በግ አደረገችኝኮ!» አሉ። አጠገባችን የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ።

ሥራው ቶሎ አለቀ። በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም አግዳሚ ላይ ደርድረው ፋሻቸውን ይፈቱ ጀመር። ነርሷ ጣቷን እያነሣች ስንት እንደሆነ ትጠይቃለች፤ ያየ ሰው መልሱን ሲናገር ግቢው በእልልታ ይናጋል። አንዲት ባልቴት እንዲያውም የልጃቸውን ፀጉር ይዘው «ምነው ሸበትሽ?» ብለው አስለቀሱን። ከዚያ የአባቴ ተራ ደረሰ።

«አባ፣ ይሄ ስንት ነው?»

«ሦስት» አሉ።

በእርግጥም ያነሣችው ሦስት ጣት ነበር። ለሠርግ እንኳ እልል የማልል ሴት አቀለጥሁት። ነርሷ «ያምዎታል አባ?» ስትላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሸጋ ነኝ» አሏት። ጠብታ ሰጥታቸው ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።

ባጃጅ ይዘን አዘዞ ቤቴ ገባን። መንገዱን ሁሉ ስለምንም ነገር አልጠየቁኝም። ዓይኑ የበራለት ሰው ቢያንስ ስለ አንድ ፎቅ ይጠይቃል። ሻይ ቀድቼ ፊታቸው ባስቀምጥ እጃቸው በብርጭቆው ጎን አልፎ ጠረጴዛውን ይዳብሳል። እጄን ጨብጬ ፊታቸው ላይ ዘረጋሁ።

«አባቴ፣ ይሄ ስንት ነው?»

«ሦስት።»

ደሜ ፈላ። «ኧረ ጣቴን አላነሣሁም! ቄስ ሆነው ይዋሻሉ?»

«ምነው ልጄ፣ ምን ላድርግ? ያቺ ልጅ ጎንበስ ቀና ስትልልኝ፣ ያን ያህል ሰው ሲደሰት፣ በነጻ የሠራን ሰው አላይም ብዬ ላሳፍር?»

«ታዲያ ሦስትን ምን አመጣው?»

«ሥላሴን ነው የጠራሁ።»

መሳቅም መጮህም አማረኝ። እንደ ምንም ራሴን ገትቼ «ያምዎታል ወይ?» አልኋቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አባቴ! እንዴት ዋሉ አላልሁም እኮ! ዓይንዎን ያምዎታል ወይ ነው ያልሁዎት!»

«ከሌሊት ጀምሮ ይወጋኛል» አሉ፣ ያጠፉ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

በመጣንበት እግራችን ተመለስን። ሐኪሙ በመብራት አየና ዓይኑ ማመርቀዝ መጀመሩን ነገረን፤ ቢያድር ኖሮ ጨርሶ ይጠፋ ነበር አለ። ዓይናቸው ውስጥ መድኃኒት ወጉና አስተኟቸው። ነርሷ «ምነው አባ ቢነግሩኝ?» ብላ ልታለቅስ ደረሰች፤ እሳቸው ደግሞ መስቀላቸውን አውጥተው እሷን ማጽናናት ያዙ። እኔ በሁለቱም ተናድጄ ውጭ ቆምሁ።

ዓይኑ ተረፈ፤ ግን ሙሉ አልሆነም። መንገድ ያያሉ፣ ሰው ሲመጣ ያያሉ፣ የሰውን ፊት ግን አይለዩም። ሐኪሙ ከዚህ በላይ እንደማይሻሻል ሳይደብቅ ነገራቸው። አባቴ መረቁት።

አገር ቤት ይዣቸው ስመለስ ዓይናቸው በራ የሚለው ወሬ ቀድሞን ደርሶ ነበር። እሑድ ያለ ምርኩዝ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲመጡ ሴቶቹ በእልልታ ተቀበሏቸው። የደብሩ አለቃ ወጥተው «እንኳን እግዚአብሔር ማረዎት! ልብሰ ተክህኖው ተዘጋጅቷል፤ ዛሬ ከእኔ ጋር ይገባሉ» አሏቸው። ሌላው ቄስ እንፍራንዝ ለልቅሶ ሄደው ስለነበር ሁለተኛ ካህን አልነበረም፤ ያለ ሁለት ካህን ደግሞ አይቀደስም። እኔ ብናገር ወደድሁ፤ ግን የእኔ ነገር አልነበረምና አፌን ያዝሁ። እሺ ይላሉ ብዬ ፈራሁ።

አባቴ ልብሱን ተቀብለው ተሳለሙት፣ መልሰውም ሰጡ።

«አለቃ፣ መንገድ አያለሁ። የጽዋውን አፍ ግን አላይም። አልገባም።»

እልልታው ቆመ። አለቃው ለመኗቸው፤ ሽማግሌዎቹም መጥተው ለመኗቸው፤ «አላይም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ያን እሑድ ቅዳሴ ታጎለ። ከሩቅ ቀዬ ሕፃን አዝለው ለማቁረብ የመጡ ሴቶች ሳያቆርቡ ተመለሱ። ሕዝቡ ጸሎት አድርሶ ተበተነ፤ ሲያልፍ የአባቴን መስቀል የተሳለመ ጥቂት ነው።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ፊታቸውን አልለይም እንጂ… ተቀየሙኝ?»

ዞር ብዬ ሰዉን አየሁ።

«አዎ አባቴ፣ ተቀይመዋል» አልኋቸው።