የኩራዝ ክዳን መጫኛችን

የእጅ ሥራ መምህር ሆኜ መቱ በተመደብኩበት የመጀመሪያ የሥራ ቀን የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ቁልፍ ሰጡኝና «የእጅ ሥራ ክፍሉ ያውልህ» አሉኝ። ከፍቼ ስገባ አንድ ሞርሳ፣ ሦስት ሞረድ፣ እጀታ የሌለው መዶሻና የተሰባበሩ ወንበሮች አገኘሁ። የመሣሪያዎቹን ዝርዝር በንጹሕ ወረቀት ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ሦስት መስመር ብቻ ሆነ።

ዳይሬክተሩ ዝርዝሩን አይተው ሳቁ። ከሰዓት በኋላ ከገበያው በታች ወዳለው የቆርቆሮ ሠሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ላኩኝ። «እነሱ ዘንድ መሣሪያ አለ፤ አንተ ዘንድ ትምህርት አለ። ተረዳዱ» አሉኝ።

ማኅበሩ በዚያ ሰሞን ለመሠረተ ትምህርት ጣቢያዎች ኩራዝ ይሠራ ነበር። ከባዱ ሥራ ክዳኑ ነው። ከተዘረጋ የዘይት ጣሳ ላይ ክብ ይቆረጣል። ክቡ ከወፍራም ብረት አናት ላይ ይቀመጥና ጠርዙ ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ እየተባለ ወደ ታች ይታጠፋል። በመጨረሻ መሐሉ ለክሩ ይበሳል። የአንዱን ክዳን ምት ቆጠርኩ፤ ከመቶ በላይ ነው።

ክዳን በመሥራት ጋሼ ሸምሱን የሚያህል አልነበረም። በወጣትነታቸው ከስልጤ መጥተው መጀመሪያ ጎሬ፣ ኋላም መቱ ላይ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጡ የኖሩ ናቸው። እኔ በደረስኩ ጊዜ ግን የእጃቸው አንጓ ደክሞ ነበር። አንድ ክዳን ሲጨርሱ መዶሻውን ያስቀምጡና ዝናቡን የሚያዩ መስለው ያርፋሉ። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም። እንዲህ ያለውን ነገር ታላቅን ሰው መጠየቅ ነውር ነው።

ሊቀ መንበሩ ጓድ ዲሪባ ለብቻዬ ጠሩኝ። «በሚመጣው ስብሰባ ጋሼ ሸምሱን ዘበኛ እናድርጋቸው የሚሉ አሉ» አሉኝ። «እሳቸው ደግሞ ከመዶሻዬ ከምለይ ሞቴን እመርጣለሁ ባይ ናቸው። አንተ ተምረሃል፣ የምታውቀው ዘዴ የለም?»

ነበረኝ። በማሠልጠኛ ላሜራ በቅርጽ ሲጫን አይቻለሁ። ነገሩ ቀላል ነው፦ ሴቴው ቀዳዳ ያለው ብረት ነው፤ ወንዴው ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ ድፍን ብረት ነው። ላሜራው በመካከላቸው ሆኖ ሲጫን ቅርጹን ይይዛል። ለሴቴው የጭነት መኪና ኩሽኔታ የውስጥ ቀለበት አገኘሁ። ወንዴውን ከተሰበረ አክስል ቆርጬ በመንገድ ሥራ ጋራዥ ቶርኖ ማሽን ላይ አስከረከምኩ። ሁለቱን በብረት ማዕቀፍ አቆምኩና ወንዴውን ወደ ታች የሚገፋ ረጅም የቧንቧ ማንሻ ገጠምኩለት። ወንዴው ከቀለበቱ ጋር ልክ ለልክ በመሆኑ ኮርቼ ነበር። ፀጉር አያሳልፍም።

ለሙከራ ራሴ ጎተትኩ። «ቀጭ» አለ። ክዳን አልወጣም፤ ጠፍጣፋ ክብ ቆርቆሮ ተቆርጦ ወደቀ።

ጋሼ ሸምሱ አንስተው አገላበጡት። «አስተማሪው፣ ይኼ የዝሆን ኮት ቁልፍ ነው?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ከማፈሬ በፊት ሳቅሁ።

«ቆርቆሮው ራሱ ውፍረት አለው እኮ፣ ልጄ» አሉ። «በየት ይለፍ? ቦታ ስትነሳው ተቆረጠ።»

ወንዴውን ዙሪያውን በአንድ የቆርቆሮ ውፍረት አሳነስኩት። ቀጥሎ የወጣው ክዳን ነበር፤ ግን ጠርዙ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ተሸብሽቧል። ለዚህም ጋሼ ሸምሱ መላ አላጡም። ከባድ የብረት ቀለበት ፈልገው ከክቡ ላይ ጫኑበትና «ሲታጠፍ እንዳይነሳ ከላይ ያዘው» አሉ። ቆርቆሮውን ሞራ ቀቡት። በሦስተኛው ሙከራ ክዳኑ ለስላሳ ሆኖ ወጣ። ጋሼ ሸምሱ በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ዳሰሱትና «ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው!» አሉ፤ ሲደሰቱ ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል።

በስብሰባው ቀን አባላቱ በሙሉ መጫኛውን ከበቡት። ጓድ ዲሪባ «ጋሼ፣ እርስዎ ይሞክሩትና እንይ» አሉ።

ጋሼ ሸምሱ ክቡን በግራ እጃቸው አስገብተው በቀኛቸው ማንሻውን ያዙ። ጎተቱ። ወንዴው ቆርቆሮውን ነክቶ ቆመ። እንደገና ጎተቱ። ክዳኑ ግማሽ ላይ ቀረ። አንዱ አባል ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ጓድ ዲሪባ «እንግዲህ…» ብለው ጀመሩ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሙከራውን ሁሉ የጎተትኩት እኔ ነበርኩ፤ ማንሻውንም ለራሴ ቀኝ እጅ ነበር የሠራሁት። እሳቸውን አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም።

«ጋሼ፣ የሚያምዎት የትኛው እጅዎ ነው?» አልኩ በሰው ሁሉ ፊት።

 ጋሼ ሸምሱ ማንሻውን ለቀቁ። «ቀኙ ነው» አሉ። «ግራዬማ አንተን ከነወንበርህ ያነሳል። እስካሁን ማን ጠየቀኝ?»

አራት ብሎን ፈታሁ። መጫኛውን አዙሬ መልሼ አሰርኩት፤ ማንሻው በግራ በኩል ዋለ። ጋሼ ሸምሱ ኮታቸውን አወለቁ፤ በግራ እጃቸው ይዘው በትከሻቸው ተጫኑ። ክዳኑ ወደቀ። ሁለተኛው ወደቀ። ማንም ያቁሙ ሳይላቸው እስከ አሥራ ሁለት ደረሱ።

ጉሮሮውን የጠረገው አባል «ታዲያ ዘበኛ ማን ይሁን?» አለ።

«አንተ ሁን» አሉት ጋሼ ሸምሱ ማንሻውን ሳይለቁ። «ጉሮሮህ ሌባ ያባርራል።»

ጓድ ዲሪባ «ቶሌ፣ ይሁን» ብለው ስብሰባውን ዘጉ። ጋሼ ሸምሱ ከመጫኛው ጋር ቀሩ። በሚቀጥለው ሳምንት ተማሪዎቼን ይዤ ስሄድ ስለ ቆርቆሮ ውፍረት ያስተማሩልኝ እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች መጫኛዎች ሠርቻለሁ፤ አንዱን ለኡካ ከተማ፣ አንዱን ለጎሬ። አዲስ ለምትመደቡ የእጅ ሥራ መምህራን የምለው ይኼን ነው፦ ብረት ከመቁረጣችሁ በፊት መሣሪያውን የሚይዘውን ሰው ጠይቁ። ነውር ቢመስልም ጠይቁ።