ክፋት የተባለው የባለቤቴ ሕመም

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ ይህን ማይክ የጠየቅኩት ጌታ ያደረገልኝን ለመናገር ነው። ቆጣ ብዬ ነው የምናገረውና ታገሡኝ። ሃሌሉያ!

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ባለቤቴን ገነትን ከምንኖርበት ከኖርክሮስ እየነዳሁ ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን አምጥቼ፣ የኋላ ወንበር ላይ መጽሐፍ የማነብ ሰው ነበርኩ። ያላነበብኩት የለም፤ የማምነውም አልነበረም። ግሪክኛ እንኳ የተማርኩት አማኞችን ለመከራከር ነው።

የገነት ኩላሊት ደከመ። ዶክተሩ፣ «በዘር የመጣ ነው፤ አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም» አላት። ታከር በምትባለው ከተማ ደም በማሽን የሚያጣራውን ዳያሊሲስ ጀመረች።

አንድ እሑድ ከሌላ ከተማ የተጋበዘ ሰባኪ ወደ ፊት ጠራት። እጁን ጭኖ፣ «በግሪኩ ካኪያ ይባላል! ክፋት! በሥጋ ውስጥ የተደበቀ ኃጢአት ነው! እኅቴ፣ ተናዘዢ፤ ነገ ወደ ማሽኑ አትመለሺም!» አለ። ጉባኤው «አሜን!» አለ። እናንተ ናችሁ ያላችሁት፤ ሰምቻችኋለሁ። ገነትም በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ማሽኑን ከተወች እንደምትሞትብኝ አውቃለሁ።

ለወጣቶቹ በሄድፎን ወደ እንግሊዝኛ የምትተረጉመው ልጃችን ሐና ናት። እዚህ ላይ መተርጎሟን አቆመች። ወጣቶቹ ሄድፎናቸውን እየነካኩ ወደ እሷ ዞሩ።

«ተርጓሚዋ፣ እንግሊዝኛው ጠፋብሽ እንዴ?» አለ ሰባኪው እየሳቀ።

«አልጠፋኝም። እናቴ ላይ ይሄን ትራንስሌት አላደርግም።»

ያን ጊዜ ብድግ አልኩ። «ሐዋርያት ይህን ቃል ሲጽፉት ባብዛኛው ሰው በባልንጀራው ላይ የሚያስበው ተንኮል ነው፤ ኩላሊት አይደለም! ጌታ ራሱ፣ ስለ ነገ አትጨነቁ ሲል፣ የዕለቱን ችግር በዚሁ ቃል ጠርቶታል። ቀኑን ተናዘዝ አላለውም! በጌታ ስም አይዋሹ!»

«ጋሼ፣ እርስዎ አያምኑም አሉ» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ስለ ጌታ ስም ምን አንገበገብዎት?»

ወገኖቼ፣ ስለ ግሪኩ እኔ ልክ ነበርኩ፤ ስለ እኔ ግን እሱ ልክ ነበር። የሌለ ሰው ስም ጠፋ ብሎ ደሙ የሚፈላ ማን ነው? እኔ ግን የገዛ አባቱ ስም በክፉ እንደ ተነሣበት ሰው ብድግ ብዬ ስሟገት ነበር። በለዓምን በአህያ የገሠጸ ጌታ እኔን በዚያ ሰባኪ ጠራኝ። ክብር ለስሙ ይሁን!

መኪና ውስጥ ገነት፣ «ምን በድዬ ይሆን?» እያለች አለቀሰች።

«ጌታ እንዲህ አይልሽም» አልኳት።

«አንተ ደግሞ ጌታን ከየት ታውቀዋለህ?»

«ዛሬ ነው የተዋወቅነው።»

ዞራ አየችኝ። «እንግዲያው ነገ ዳያሊሲስ ውሰደኝ» አለች።

ወሰድኳት። ከማሽኑ አጠገብ ተቀምጬ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸለይኩ። እሷ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

ተፈውሳለች ብዬ አልዋሽላችሁም፤ ዛሬም ዳያሊሲስ ላይ ናት። ግን አለችልኝ፤ ያውና እዚያ ተቀምጣለች! ተመስገን ጌታዬ! ታማችሁ «ክፋታችሁ ነው» የተባላችሁ ሁሉ፣ የጌታን ስም ይዞ የሚከሳችሁን ትታችሁ ወደ እሱ ወደ ራሱ ኑ። መድኃኒታችሁንም ይዛችሁ ኑ፤ ጌታ አይቀየምም።