የራስ የለሹ ቀኝ ጎን

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሠፈሩ «እትዬ መቀስ» ይላታል፤ መቀሷም ምላሷም ስለታም ስለሆኑ ነው። አባቴም ልብስ ሰፊ ነበር። በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲሰፉና ሲነታረኩ እያየሁ ነው ያደግሁት። አባቴ ስጦታ በእጁ ሰጥቷት አያውቅም። ይደብቅና ግጥም ጽፎ «ፈልጊ!» ይላታል። እሷም እየተራገመች ትፈልጋለች፤ ደግሞ ሳታገኝ አታድርም!

የመጨረሻውን ግጥም ትራሷ ሥር ባስቀመጠ ማግስት ድንገት አረፈ።

ራስ የሌለው ሰው ቀን ሙሉ ቢቆም፣
ደከመኝ ብሎ ተቀምጦ አያውቅም።
በቀኝ ጎኑ ላይ ልቤን ሰፍቻለሁ፤
እስክታገኚልኝ እስቅብሻለሁ።

ከሐዘኑ በኋላ የጋብቻ ቀለበቷን ሣጥን ብትከፍት ባዶ ነው። ጣቷ በሥራ ብዛት አብጦ አልገባ ስላላት ነበር ያስቀመጠችው። ራስ የሌለው ማን እንደሆነ ግን ወዲያው ገባን፤ ሱቃችን ውስጥ የቆመው የልብስ መለኪያ አሻንጉሊት ነው። ቀኝ ጎኑን ተረተርነው። ከጥጥ በቀር ምንም የለም። ቀኝ ተብሎ ግራውን ማን ይነካል?

የአባቴ ወንድም አላስችል አለው። «ቀለበት ይዞ ወርቅ ሠሪ ቤት ሲገባ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሸጦታል! ግጥሙ ማስመሰያ ነው።»

«የኔ ባል? የኔን ቀለበት?» አለች እናቴ። አጎቴን ብነክሰው ደስ ባለኝ! ከዚያ ወዲህ ግጥሙን ግድግዳው ላይ ለጥፋ በሥራዋ መሀል ታነበው ጀመር።

አንድ ቀን የደንበኛ ኮት ገልብጣ ገበር ስትሰፋ «ቀኝ እጅጌውን ያዢልኝ» አለችኝ። ያዝኩላት።

«እሱ ግራው ነው እኮ! ልብስ ሲገለበጥ ቀኙ ወደ ግራ እንደሚዞር ስንቴ ልንገርሽ?» ብላ ጮኸችብኝና፣ መርፌዋን እንደያዘች ግድግዳው ላይ ወዳለው ግጥም ዞረች።

«ውይ የኔ ነገር! አባትሽ ሊያርፍ ሰሞን የአሻንጉሊቱን ልባስ ገልብጦ ሲጠግን አልነበር? ያኔ በቀኝ የሰፋው፣ መልሶ ሲያለብሰው ግራ ይሆናላ!»

ዘላ ተነሣች። የግራ ጎኑን ስፌት በጠስ በጠስ ስታደርገው ቀለበቱ መዳፏ ላይ ዱብ አለ። ጣቷ ላይ አደረገችው። ያበጠውን አንጓ ያለ ችግር አልፎ ቁጭ አለ።

«አስፍቶልኛል! ወርቅ ሠሪ ቤት የሄደው ለዚህ ነው!» እያለች ሳቅና እንባዋ ተደበላለቁ። እኔም እንደ ሕፃን ዘለልኩ።

በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ዘግታ፣ እጇን ከፍ አድርጋ፣ እኔን አስከትላ አጎቴ ቤት ገሰገሰች። አፍንጫው ሥር ጣቷን ደቀነችበት።

«እስቲ አሁን ሸጦታል በለኝ!»

አጎቴ ቀለበቱን ጣቷ ላይ አዟዟረው፤ አልጠበበም፣ አልሰፋም።

«ልክሽ ነው» አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

«ልኬንማ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል!» አለች እናቴ።